ሰባተኛው ቢም በበረደው ጊዜ

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይኼን ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ ጥርሳቸውን ለጨረሱ ሰዎች የተተወ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ያገለገልሁት አሥራ አንድ ወር ነው። ነገር ግን በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሦስት የሥራ መደብ ቀያይሬአለሁ፣ ከአንድ ትልቅ መሐንዲስ ሥር ውያለሁ፣ አንድ ትልቅ ጥፋትም አጥፍቻለሁ። አንዳንዱ ሰው በሠላሳ ዓመት ይኼን ያህል አያገኝም። ትምህርት ቤታችን ተከፍቶ ሥራውን የለቀቅሁ ቀን የስታዲየሙ ዘበኛ አያ ታረቀኝ በር ላይ ቆመው "በይ እንግዲህ ስንዱ፣ ጡረታሽን አክብሪ" አሉኝ። ይኸው እያከበርሁ ነው። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ስለሆነ ብዕሬ አልቆም ካለኝ ይቅርታ።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል በስተግራ ነው። ከአጥራችን ማዶ ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ ነበር። አንድ ማለዳ ሜዳው ላይ ቢጫ ማሽን ቆሞ አየን፤ በሳምንቱ ስታዲየም ሊሠራ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት ሽማግሎቹ ተሰብስበው ምን እንዲሆንላቸው እንደሚፈልጉ ተጠይቀው ነበር፤ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ሰምታ መጥታ ነገረችን። አንዱ ለኳስ አሉ። አንዱ ለፈረስ ጉግስ አሉ። አንድ ቄስ ዝናብ ሲመጣ ጉባኤ የሚደረግበት ጣራ ይኑረው አሉ። ወጣቶቹ ዘፋኝ መጥቶ የሚዘፍንበት ይሁን አሉ። ከወደ አምባራስ የመጡ አንድ አዛውንት "ቅዳሜ ቅዳሜስ ከብት ቢሸጥበት?" ብለው ቤቱ ሁሉ ሳቀባቸው። "መሐንዲሱ ግን አልሳቁም" አለች እናቴ፤ "የከብቱንም ጻፉት።"

መሐንዲሱ ጋሽ ውብሸት ናቸው። የጎንደር ሰው፣ ስልሳ የተጠጉ፣ ረጅም፣ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ የማይጠፋ። በር ላይ የሚገባውን መኪና የሚመዘግብ የሰፈር ሰው ፈልገው እናቴን ጠየቋት፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔ ቤት ተቀምጬ ነበርና እናቴ እኔን ሰጠቻቸው። ደመወዜን የምትቀበለውም እርሷ ነበረች። ስለ ደመወዝ ይኼ ይበቃል።

የመጀመሪያ መደቤ ከአያ ታረቀኝ ጋር በር ላይ ነው። አሸዋ ገባ፣ ጠጠር ገባ፣ ፌሮ ገባ እያልሁ እጽፋለሁ። አያ ታረቀኝ ደግሞ መኪናው ከማለፉ በፊት የሾፌሩን አገር፣ ደብሩን፣ የአያቱን ስም ይጠይቃሉ። ሁለተኛው መደቤ ሲሚንቶ መጋዘን ነበር፤ እዚያ ሁለት ወር ሳስነጥስ ከረምሁ። ሦስተኛው ናሙና ክፍል ነው። ስለ እርሱ በኋላ እናገራለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ግራ ያልገባኝ ቀን አልነበረም። እኔ የማውቀው ቤት ግድግዳ አለው፣ ግድግዳው ጣራውን ይሸከማል፣ አለቀ። የስታዲየሙ ጣራ ግን ምሰሶ ያለው ከኋላ ብቻ ነው፤ ከፊት ምንም ሳይደግፈው በተመልካቹ ራስ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ከፊት ምሰሶ ካለ ሰው ኳሱን ትቶ ምሰሶ ሲያይ ይውላል ተብሎ ነው። ይኼ ገባኝ። ያልገባኝ ከኋላ የምንቀብረው የብረት ብዛት ነው።

"ጋሽ ውብሸት፣ ጣራው በጣም ከባድ ነው እንዴ?"

"ቀላል ነው። ቆርቆሮ ነው።"

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ብረት ለምንድን ነው?"

"እንዳይሄድ።"

"የት ይሄዳል?"

በአገጫቸው ወደ ዳባት አመለከቱኝ። ነፋሱ ከአዲ አርቃይ ቆላ ገደሉን ይዞ ሲወጣ ከጣራው ሥር ይገባል፤ እንደ ጃንጥላ ይነፋዋል። እኛ የምንሠራው እንዳይወድቅ ብቻ አይደለም፣ እንዳይበርም ነው። ወደ ቤት ስሄድ የሰፈራችንን ቆርቆሮ ቤቶች አየሁ፤ በየጣራው ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ጋሽ ውብሸት አንድ ነገር አስረድተው ሲጨርሱ "ገባሽ?" አይሉም። "አሁን ሂጂና ለእትዬ ጥሩዬ ንገሪያቸው" ይላሉ። እትዬ ጥሩዬ አርማታ በባሬላ የሚያመላልሱት ሴቶች አለቃ ናቸው። ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚሸከመው የእንጨት ቃሬዛ ነው፤ እርሱን ይዘው የሚሮጡ ሴትዮ ቆመው ትምህርት የመስማት ፍላጎት አልነበራቸውም።

"እትዬ፣ ጣራው እኮ ሊበር ይፈልጋል።"

"ይብረር። እኔ ላይ አሸክመውት አይብረር እንጂ።"

ግን ያዳምጡኝ ነበር። መሐል ላይ ከተደናገርሁ ያልገባው ለራሴ ነው ማለት ነውና ተመልሼ ጋሽ ውብሸትን እጠይቃለሁ። እንዲህ እየተመላለስሁ ነው የተማርሁት። መቀመጫው ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተትቷል፤ አያ ታረቀኝ "ለክተው ሳይደርስላቸው ቀረ" ብለው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያወሩ ነበር። እኔ በሁለተኛው ምልልሴ ገባኝ፤ የኛ አገር ቀን ፀሐይ ነው፣ ሌሊት ብርድ ነው፣ ያን ያህል ርዝመት ያለው አርማታ ቀን ያብጣል ሌሊት ይሸበሸባል፣ መላወሻ ካላገኘ ራሱን ይሰነጥቃል። ለአያ ታረቀኝ ስነግራቸው "ደግ ነው፣ እንዲህ ብለው ካሳመኑሽ" አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ጡጫ ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት በካሳፎርማው ውስጥ፣ ማለትም አርማታው በሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ ውስጥ፣ የተሠራውን የፌሮ ብረት ክፍተት አንድ በአንድ ጡጫቸውን እያስገቡ ይፈትሻሉ። "የኔ ጡጫ ያላለፈበት ቦታ ጠጠሩም አያልፍም።" ክንዳቸው ጭረት በጭረት ነበር። ፌሮ ሠራተኞቹ ከርቀት ሲያይዋቸው "ጡጫው መጣ" ይባባላሉ፤ እርሳቸውም ያውቁ ነበር።

ናሙና ክፍሉ እንዲህ ነው። አርማታ በተሞላ ቁጥር ከዚያው ላይ ጥቂት ተወስዶ በብረት ሻጋታ ይጠቀጠቃል። እንደ ጡብ ያለ፣ ግን ጎኑ ሁሉ እኩል የሆነ ድንጋይ ይወጣዋል። በማግስቱ ከሻጋታው አውጥቼ ቁጥር ጽፌበት በውኃ በርሜል ውስጥ አስተኛዋለሁ። በሃያ ስምንት ቀኑ ጎንደር ተልኮ በማሽን ይጨፈለቃል፤ የጨፈለቀው ጉልበት ይጻፋል። ናሙናው ጠንካራ ከሆነ ቢሙም፣ ማለትም በዚያው አርማታ የተሞላው ተሸካሚ አግዳሚ፣ ጠንካራ ነው፤ ወንድማማች ናቸውና። ለውኃው ሲባል ክፍሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረው። ሠራተኛው በብርድ እየተንቀጠቀጠ በመስኮት አይቶን "ድንጋዮቹ ከኛ በላይ ይኖራሉ" ይል ነበር። አርማታ ለምን ውኃ እንደሚጠጣ ጋሽ ውብሸትን ጠይቄ ነበር፤ "አርማታ አይደርቅም፣ ይጠነክራል፤ ለመጠንከር ይጠጣል" ብለውኛል። ይኼን ለእትዬ ጥሩዬ አስረድቻለሁ። ስለ ሙቀት ግን አልጠየቅሁም፣ እርሳቸውም አላነሱም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ መጣሁ።

አሥር ሰያፍ ቢሞች አሉ። እንደ መሰላል ጎን ከሜዳው ጠርዝ ወደ ኋላ ሽቅብ ይወጣሉ፤ መቀመጫ ደረጃዎቹ በላያቸው ይነጠፋሉ። ከኋላ ጫፋቸው ላይ አራት አራት ወፋፍራም ብሎን እንደ ጣት ብቅ ብሏል። የጣራው ምሰሶ የሚታሰረው በእነርሱ ነው። ነፋስ ጣራውን ሲያነሳ ብሎኖቹን ሽቅብ ይጎትታል፤ ይዞ የሚያስቀራቸው በዙሪያቸው ያለው አርማታ ነው። እርሱ ከሰነፈ ብሎኑ እንደ በሰበሰ ጥርስ ይነቀላል።

ሰባተኛውን ቢም የሞላነው ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ማግስቱ ሚካኤል ስለሆነ ሰው ሁሉ ቶሎ ለመጨረስ ይሯሯጥ ነበር። እኔ ናሙናዬን ጠቅጥቄ ሻጋታ ሳጥብ፣ ሳላያቸው፣ ጋሽ ውብሸት ቢሙን በላስቲክ ሸፍነው፣ በላስቲኩ ላይ የገብስ ገለባ አልብሰው፣ በገለባው ላይ አሮጌ ጆንያ ደረቡበት። ከዚያ የጣራውን ብረት ለማየት ጎንደር ሊሄዱ መኪና ውስጥ ገቡ። በመስኮት ብቅ ብለው "ስንዱ፣ ሰባተኛው ሰባት ቀን እንዳይነካ" አሉኝ።

እንዳይነካ ሲሉኝ አትርገጡት ያሉኝ ነው የመሰለኝ። አዲስ አርማታ እንደማይረገጥ አውቃለሁና።

ማግስቱ ኅዳር ሲታጠን ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ በኛ አገር ኅዳር አሥራ ሁለት ጧት በየቤቱ ያለ ጉድፍ ሁሉ ተጠርጎ በደጅ ይቃጠላል፣ በሽታው ከጭሱ ጋር ይሄዳል ይባላል። የዚያን ቀን ደባርቅን ከሩቅ ያየ ሰው ከተማው የተቃጠለ ይመስለዋል። የቤታችንን ጨርሼ ወደ ስታዲየሙ ተሻገርሁ። አያ ታረቀኝ ብቻቸውን የሲሚንቶ ወረቀት ይለቅማሉ።

"አያ፣ ይኼ ሁሉ ግቢ ሳይታጠን ሊቀር ነው?"

"ማን አለና? ሰው ሁሉ ሚካኤል ሄዷል። አንች ካገዝሽኝማ እናጥነው። ጉንፋኑም አልለቀቀን።"

ወረቀቱን ሰበሰብን፣ የጣውላ ፍቅፋቂውን ሰበሰብን። ከዚያ ዓይኔ ሰባተኛው ላይ አረፈ። ውርጭ ሳይጀምር የተሞሉት ሌሎቹ ቢሞች ጥርት ብለው ቆመዋል፤ እርሱ በበዓል ቀን ቡትቶ የለበሰ መሰለኝ። ገለባው ከዕቃ ማሸጊያ የተራገፈ ነው ብዬ አሰብሁ። ጋሽ ውብሸት ሲመጡ ግቢው ሁሉ ጸድቶ ያዩታል አልሁ። ግን እንዳይነካ ተብያለሁ። ስለዚህ ረጅም ዘንግ ፈልጌ፣ ጫፉ ላይ ሜንጦ አስሬ፣ ከጎን ቆሜ ቢሙን ሳልረግጥ ጆንያውንም ገለባውንም ስቤ አወረድሁ። አያ ታረቀኝ "ጎበዝ፣ እንዳትነኪው" እያሉ ዘንጉን ያዙልኝ። ላስቲኩን አራግፌ፣ በአራት አጥፌ መጋዘን አስቀመጥሁት። ገለባው ቶሎ ተያያዘ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። አሁንም የሚያደናግረኝ ያ ደስታ ነው። ሰው እንዲህ ጥፋት እየሠራ እንዲያ ደስ ሊለው እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር።

የዚያን ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጧት ስመጣ የሰባተኛው ጀርባ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። በጥፍሬ ጫር ባደርገው እንደ አመድ ተነሣ። ውኃ የጠማው መሰለኝ። ከመጋዘን ሌላ ጆንያ አምጥቼ፣ ነክሬ አለበስሁትና ውኃ አጠጣሁት። በረዶ የሆነ ውኃ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ውብሸት ተመለሱ። ከመኪና ወርደው ሰላም ሳይሉን ሰባተኛውን አዩ።

"ገለባው የት ሄደ?"

እኔ አፌን ስከፍት አያ ታረቀኝ ቀደሙኝ። "ነፋስ ነዋ ኢንጂነር፣ ትናንት ማታ ጠርጎ ወሰደው።"

"ትናንት ከሆነ ግድ የለም" አሉ ጋሽ ውብሸት። "የሚያስፈሩኝ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነበሩ። አርማታ ለመጠንከር ውኃ ብቻ አይበቃውም፣ ሙቀትም ይሻል። በጨቅላነቱ ውርጭ ካገኘው ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ይፈረካክሰዋል፤ ኋላ ቢሞቅም አይድንም።"

አያ ታረቀኝ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ጋሽ ውብሸት ሲሄዱ "ለምን እንዲያ አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ እንጃ ልጄ። ሲቆጡሽ ታየኝና አፌ ቀደመኝ።"

"እንንገራቸው እንግዲህ።"

"አሁን ከነገርንማ ዋሾ ሆንሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ በር ብባረር የማንን በር እጠብቃለሁ? ደግሞ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ምን ይሆናል ብለሽ ነው?"

ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ጨርሶ ምንም አይሆንም እላለሁ፤ በማግስቱ ጣራው እኛ ቤት ላይ ሲወድቅ ይታየኛል። ተስፋዬን ናሙናዎቹ ላይ ጣልሁ። ሦስት ናቸው፣ ሰባት ቁጥር የጻፍሁባቸው። ቢሙ ከታመመ እነርሱ ይናገራሉ፣ እኔ ምንም ማለት አያስፈልገኝም፣ አያ ታረቀኝም ዋሾ አይባሉም።

በታኅሣሥ ውጤቱ ከጎንደር መጣ። ሰባተኛው አልፏል። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ ከስድስተኛው በልጧል። ደስ አለኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ።

ከምሳ በኋላ ውጤቱን መዝገብ ላይ ልጽፍ ናሙና ክፍል ገባሁ። ውጭ ነፋሱ ይጋረፋል። ክፍሉ ሞቀኝ፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ብዕሬን አንሥቼ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ሰባት ብዬ ጽፌ እዚያው ቆምሁ። እነዚያ ሦስት ናሙናዎች ያደሩት እዚህ ነው። ገለባው ሲቃጠል እነርሱ እዚህ በማሞቂያው አጠገብ ነበሩ። ውርጭ የሚባል ነገር አያውቁም። ቢሙ ደጅ ሲያድር እነርሱ ቤት ውስጥ አድረው፣ አሁን ስለ ወንድማቸው ጤና ይመሰክራሉ። ውሸታቸውን አይደለም፣ እነርሱ ደኅና ናቸው። መዝገቡ እውነት ነው። ጥፍሬም እውነት ነው። የትኛውን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰኞ የጣራው ምሰሶዎች በብሎኖቹ ላይ ሊታሰሩ ነው። ምሰሶው ከቆመ በኋላ ያን የቢም ጫፍ ማንም አያየውም።

መጀመሪያ ለአያ ታረቀኝ ነገርኋቸው። ስለ ማሞቂያው ሁለት ጊዜ ማስረዳት ነበረብኝ። ሲገባቸው ከበርጩማቸው ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ።

"እዚያ ላይ የሚቀመጠው የኛ ሰው ነው አይደል?"

"የኛ ሰው ነው።"

"በይ ሂጂ" አሉ።

ጋሽ ውብሸት ታችኛው ደረጃ ላይ ፕላን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በመንገዴ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"ጋሽ ውብሸት፣ ናሙናው የቢሙ ወንድም ነው ብለውኛል።"

"ነው።"

"አንዱ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ደጅ ቢያድግስ?"

ፕላኑን አጠፉት። "ምን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽ?"

ሁሉንም ነገርኋቸው። ዘንጉን፣ ሜንጦውን፣ ጭሱን፣ አመዳዩን።

"ላስቲኩስ?"

"አጥፌ አስቀመጥሁት።"

በአፍንጫቸው በረጅሙ ተነፈሱ። "ስንት ሌሊት ያለ ገለባ አደረ?"

"ሦስት።"

ይኼኔ አያ ታረቀኝ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። "ኢንጂነር፣ ነፋስ ብዬዎት ነበር። ነፋሱ እኔ ነኝ።"

ጋሽ ውብሸት ከመሬት ምስማር አንሥተው ሽቅብ ወጡ፤ ተከተልናቸው። መጀመሪያ ስድስተኛውን በምስማሩ ጫሩት፤ ክር የመሰለ ነጭ መስመር ብቻ ወጣ። ከዚያ ሰባተኛውን ጫሩ። ምስማሩ ገባ። በብሎኖቹ ዙሪያ ጫሩ። ገባ። ቢሙ ላይ ቁጭ አሉና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ለሁለታችንም ዘረጉልን። እኔ ስድብ ነበር የጠበቅሁት። ቆሎውን ይዤ መብላት ይገባኝ አይገባኝ አላውቅም።

"አንች ለሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ስታስረጂ የምትውይ ልጅ ነሽ" አሉ። "እኔ 'እንዳይነካ' ብዬሽ ሄድሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርሁሽም።"

"ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?"

"አላውቅም። መጀመሪያ ቢሙን እናድነው።" ከዚያ ወደ አያ ታረቀኝ ዞሩ። "እርስዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ነፋስ ሲነሣ በዚያው ሰዓት መጥተው ይንገሩኝ።"

አያ ታረቀኝ ባርኔጣቸውን መለሱ። ይቅር እንደ ተባሉ ይሁን እንደ ተሰደቡ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁኝ ኖረዋል።

የጣራው ሠራተኞች ምሰሶውን ሳያቆሙ ተመለሱ። ሰባተኛው በመሮና በመዶሻ መፈልፈል ጀመረ። ከላይ ያለው እንደ ሻገተ ዳቦ ይፈርሳል፤ ዝቅ ሲባል እየጠነከረ ይሄዳል፤ ምስማሩ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። ታች አካባቢ አራት ጣት ወረደ፣ ብሎኖቹ ዘንድ ስንዝር አለፈ። አቧራው ላይ ቆመው ሠራተኞቹ ያጉተመትሙብኝ ነበር፤ የሠሩትን ማፍረስ ለማንም አይጥምም። እትዬ ጥሩዬማ አልቻሉም። "ሌላው ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይስማል፤ ይች ቢም ታጥናለች" አሉ፤ በሳቅ ባሬላው ተደፋ።

እንደገና ሲሞላ ግን ማንም ሳይጠይቅ ልብሱ መጣ። እትዬ ጥሩዬ ከቤታቸው የገብስ ገለባ በጀርባቸው አምጥተው ደፉ። አያ ታረቀኝ የሌሊት ደበሏቸውን ሰጥተው ራሳቸው ጆንያ ደረቡ። እኔ በየቀኑ ጧትና ማታ ከገለባው ሥር የሙቀት መለኪያ አስገብቼ እጽፍ ነበር። ሰባተኛው ሲሞቀው እኔም የሚሞቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ይኼን የጻፍሁት ስለሚያምር አይደለም፣ እውነት ሞቆኝ ነበር።

ሥራው በግንቦት አለቀ። ጣራው ተዘረጋ፣ ደረጃዎቹ ተነጠፉ። ጋሽ ውብሸት ሰባተኛውን ሳልፈትን ለሕዝብ አልሰጥም አሉ። በላዩ ያለውን ደረጃ በአሸዋ ከረጢት አስሞሉት፤ ከሥሩ እንደ ሰዓት ያለች፣ መርፌ ያላት መሣሪያ አስቀመጡ። ቢሙ የፀጉር ያህል ቢጎብጥ መርፌዋ ትናገራለች። ጎበጠ፤ አሸዋው ሲነሣ ተመለሰ። ሁላችንም አለቀ ብለን ልብሳችንን ማራገፍ ጀመርን።

"አሁን ሰው" አሉ ጋሽ ውብሸት።

"አሸዋው ከሰው አይከብድም እንዴ?" አለ አንዱ ፌሮ ሠራተኛ።

"ይከብዳል። ግን አሸዋ ቁጭ ይላል። ይኼ ቦታ ለጉባኤም ለኳስም ለዘፈንም ነው። በጉባኤ ሰው ይቀመጣል። ጎል ሲገባ ብድግ ይላል። ዘፋኝ ሲመጣ ግን ሺህ ሰው በአንድ ምት አብሮ ይዘላል፤ ያ ከክብደት ሌላ ነገር ነው። ዥዋዥዌ በትንሽ ግፊት እንዴት ከፍ እንደሚል አይታችኋል? ግፊቱ ጊዜውን ከጠበቀ ነው። ውጡና አብራችሁ ዝለሉልኝ።"

ማንም አልተነቃነቀም። ስድስተኛው ላይ ቢሆን ሁሉም ይወጣ ነበር። ሰባተኛውን ሁሉም ሲፈርስ አይቶታል።

"ያጠነችው ትውጣ መጀመሪያ" አሉ እትዬ ጥሩዬ። ሰው ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ወጣሁ። አንድ ሰው ብቻዬን በዚያ ሁሉ ደረጃ ላይ ስቆም ከሥሬ ያለው ቢም እኔ ያበላሸሁት ይሁን እነርሱ እንደገና የሞሉት ይሁን ተምታታብኝ። የማውቀውን ሁሉ በልቤ ደገምሁት፤ ምስማሩ እምቢ ብሏል፣ ገለባው አልተነሣም፣ ሙቀቱን እኔው ጽፌዋለሁ። ይኼን ሁሉ እያወቅሁ የደረጃውን ጠርዝ ለምን በእጄ እንደ ያዝሁ አልገባኝም። ማወቅ ካላረጋጋ ምን ይጠቅማል አልሁ። ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አያ ታረቀኝ ናቸው፤ ዱላቸውን ታች ትተው በእጃቸው ደረጃውን እየያዙ ይወጣሉ። አጠገቤ ደርሰው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ይችላል አይደል?"

"ጋሽ ውብሸት ይችላል ይላሉ።"

"እርሳቸውንማ ሰማኋቸው። አንችን ነው የጠየቅሁ።"

"ይችላል መሰለኝ።"

"መሰለኝ ይበቃኛል" አሉና ባርኔጣቸውን አጠበቁ።

እትዬ ጥሩዬ ባሬላቸውን ጥለው መጡ፤ ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ ፌሮ ሠራተኞቹ። ቦታው ሞላ። እትዬ ጥሩዬ የሠርግ ጭብጨባ ጀመሩ፤ ሰው ተቀበላቸው፤ እግሮቹ ጭብጨባውን ፈልገው አገኙት። ዘለሉ። እኔ ቆሜ ነበር። ደረጃው በጫማዬ ሥር ዝቅ ብሎ ከፍ ሲል ይሰማኛል፣ በጣም ትንሽ፣ እንደ ተኛ ሰው ደረት።

ከታች ጋሽ ውብሸት ዓይናቸውን ከመርፌዋ ሳያነሡ "ስንዱስ ትዘላለች?" አሉ።

"ቆማለች" አሉ አያ ታረቀኝ።

"ትዝለል። ሒሳቡ ውስጥ አለች።"

ዘለልሁ። አያ ታረቀኝ ክንዴን ይዘው በሰባ ዓመታቸው አብረውኝ ዘለሉ። እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ሲያወርዱ ሁላችንም ቆምን። ከላይ የጣራው ቆርቆሮ ብቻ ነፋሱን ያወራል። ከታች ድምፅ የለም።

"ጋሽ ውብሸት፣ መርፌዋ ተመለሰች?" አልሁ።

አያ ታረቀኝ ክንዴን አልለቀቁም።

"ጋሽ ውብሸት?"

"ተመልሳለች" አሉ በመጨረሻ። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ፤ አንዳንዱ መውረድ ጀመረ። "የት ነው የምትሄዱት?" አሉ ከሥራችን። "አንድ ጊዜ አይበቃኝም። እንደገና።"

እንደገና ዘለልን።